ግቢን ሳንቸኩል እንይ፦ ከፍል ውሃ እስከ በዓታ በእግር

ዘገምተኛ፦

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። «አንድነት ፓርክ ሄድን፣ አንበሳውን አየን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ወጣን» የሚል ሰው በዛብኝ። አይፈረድበትም። ልጅ ይዞ የሄደ ሰው አንበሳው ጋ ሳይደርስ ዕረፍት የለውም። ግን ያ ኮረብታ ግቢ የምንለው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ከምኒልክ ጀምሮ እስከ ዛሬ አገር የሚገዛበት ቦታ፣ የነገሥታት ምሽግ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ እንኳ እዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። በሩጫ አይታይም።

እኔ የምሄድበትን መንገድ ልንገራችሁ። የምትጨምሩት ካለ ጨምሩ።

መነሻዬ የፓርኩ በር አይደለም። ፍል ውሃ ነው። ምክንያት አለኝ። ምኒልክና ጣይቱ መጀመሪያ የሰፈሩት እንጦጦ አናት ላይ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ። ለጠላት የማይመች፣ ለነዋሪም የማይመች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ነፋሱ ድንኳን ይነቅላል። ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ገላ መታጠብ ተለመደ። እቴጌ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩ፣ ስም አወጡለት። በ1879 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን አናስተውለውም። ፍል ውሃው ያለው ረባዳ ላይ ነው። ንጉሥ ደግሞ ረባዳ ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ ከፍል ውሃው በላይ ያለችውን ጉብታ ያዙ። ከታች ቆማችሁ ቀና ብላችሁ ስታዩ ወዲያው ይገባችኋል። ፍል ውሃው ከእግር ሥር፣ እንጦጦ ከጀርባ፣ ሜዳው ከፊት። አሁን ፎቅ ቢበዛም አቀማመጡ አልጠፋም።

ከዚያ ቀስ እያላችሁ ውጡ። ዳገቱ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ሲወጡት ግን ትንፋሽ ይጠይቃል። በሂልተን በኩል ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ነው። በሸራተን በኩል ያለው ጣይቱ ጎዳና። ባልና ሚስቱ ኮረብታውን እስካሁን በሁለት ጎዳና እንደያዙት ናቸው። እኔ በጣይቱ በኩል እወዳለሁ።

ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የምኒልክ እልፍኝ ሂዱ። ቤተ መንግሥት ሲባል ወርቅና እብነ በረድ የሚጠብቅ ሰው ይደናገራል። ድንጋይና እንጨት ነው። ግን እንጨቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የበረንዳው ጠርዝ እንደ ጥልፍ ተቀርጿል። በዚያ ዘመን ሕንዳውያንና አርመኖች አናጢዎችና ግንበኞች ከአገሬው ባለሙያ ጋር አብረው ይሠሩ ነበርና የሁሉም እጅ አለበት። አጠገቡ እንቁላል ቤት የሚባለው ግንብ አለ። ምኒልክ ከላይ ሆነው በመነጽር ከተማውን ይቃኙ ነበር ይባላል። እኔ አምናለሁ። እዚያ ቆሞ ከተማውን ላለማየት መታገስ ይከብዳል።

ቀጥሎ የግብሩ አዳራሽ። ከውጭ ስታዩት ሦስት ትልልቅ ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው ግድግዳቸውን ያፈረሱ ይመስላሉ። በአንድ ጊዜ እስከ 8000 ሰው ይይዝ ነበር ይባላል። ባዶውን ሲያዩት ግዙፍ መጋዘን ነው። ስለዚህ ባዶውን አትዩት። ቁሙና ሙሉት። ንጉሡ መደቡ ላይ፣ በመጋረጃ ተከልለው ይበላሉ። መኳንንቱ በየማዕረጋቸው። ከዚያ መጋረጃው ይከፈታል፣ ጭፍራው በተራ በተራ ይገባል። ብርንዶው ዙሪያውን ይዞራል፣ ሁሉም በራሱ ቢላዋ ይቆርጣል። ጠጁ በብርሌ፣ በዋንጫ። አንዱ በልቶ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የሚበላው ሰው ብዛት የንጉሡ ጉልበት መለኪያ ነበር። ያን ሁሉ እንጀራ የጋገሩት፣ ያን ሁሉ ጠጅ የጣሉት ሴቶች ስም ግን የትም ግድግዳ ላይ አላየሁም። ይህ ያናድደኛል።

ዙፋን ቤቱን ለመጨረሻ አስቀሩት። ከላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን፣ ከሥሩ በደርግ ጊዜ እስር ቤት የሆነው ምድር ቤት። ስለሱ ብዙ አልልም፣ የሚያውቅ ይጻፍበት።

ሲወጡ የምኒልክ መቃብር ያለበት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ጎራ ማለት ነው። አንዳንዱ በዓታን ይዘላታል። በዓታን የዘለለ ታሪኩን ከመካከል አቋርጦ ወጥቷል።


ሚሚ ካዛንቺስ፦

ኧረ ዘገምተኛ፣ አንተ ልጅ የለህም መሰለኝ 😀 እኔ ሁለቱን ይዤ ስሄድ እልፍኝ ቢሉኝ አዳራሽ ቢሉኝ ማን ይሰማኛል? «አንበሳው የት ነው» ነው። ትንሹ ደግሞ እንቁላል ቤት የሚለውን ሰምቶ «እንቁላሉስ?» እያለ ሲያስቸግረኝ ዋለ። ለልጅ የሚሆን መላ ካለህ ንገረኝ።


የጎንደር ልጅ፦

ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን ወገኖቼ፣ ፋሲል ግንብን ያየ ሰው ይህን የነገሥታት ምሽግ ብሎ ለመጥራት ይቸገራል። እኛ ጋ 900 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የድንጋይ ቅጥር፣ 12 በሮች፣ ማማው በኖራ የተገነባ ነው። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። የአዲስ አበባው በአንድ ጥሩ እሳት የሚያልቅ የእንጨት በረንዳ ነው። ቤተ መንግሥት በሉት፣ ደስ ይላል። ምሽግ ግን የት አለ?


ባሻ ጥላዬ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የጎንደር ልጅ። ልመልስልህ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

የአዲስ አበባው ምሽግ ድንጋዩ አይደለም። ሰፈሩ ነው። የፋሲል ልጆች አንድ ቦታ ረግተው ግንብ ገነቡ። ምኒልክ ግን ከጦር ሰፈር ወጥተው የመጡ ንጉሥ ናቸው። ዕድሜያቸውን በድንኳን፣ በዘመቻ ነው የኖሩት። የጦር ሰፈር ሥርዓት ደግሞ የታወቀ ነው። የንጉሡ ድንኳን ከመካከል፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ። ዙሪያውን ዘበኛውና ባለሙያው። ከዚያ ራቅ ብሎ እያንዳንዱ መኮንን ከነጭፍራው ክብ ሠርቶ ይሰፍራል። አዲስ አበባ የተተከለችው እንዲሁ ነው። ድንኳኑ ጭቃ ቤት ሆነ፣ ጭቃ ቤቱ ግንብ ሆነ፣ አሰፋፈሩ ግን እንዳለ ቀረ።

ስሞቹን ቁጠራቸው። ራስ ሙሉጌታ ሰፈር። ደጃች ውቤ ሰፈር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር። እነዚህ ጌቶች ከነሠራዊታቸው የያዟቸው ጉብታዎች ናቸው። ከዚያ ደግሞ ለግቢው አገልጋይ የተሰጡት፦ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ውሃ ስንቁ። ወደ ግቢ ለመድረስ የሚፈልግ ጠላት መጀመሪያ እነዚያን ሁሉ ጉብታዎች አልፎ መምጣት አለበት። በየመካከሉ ደግሞ ገደልና ወንዝ አለ። ክረምት ቀበናና ግንፍሌ ሲሞሉ ሰው ከሰፈር ሰፈር ለመሻገር ይቸገር ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የምንላቸው ለዚህ ነው የሚያስፈልጉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጦር ሰፈር ስለሆነ ሊነሳም ተቃርቦ ነበር። ሠራዊቱ ዙሪያውን ያለውን ዛፍ ጨፍጭፎ ማገዶ ጨረሰ። ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። ዋና ከተማችን እዚያ ልትሆን ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እየበቀለ ማገዶውን ባይሸፍን፣ ዛሬ ይህን ኮረብታ የሚያስታውሰው አልነበረም። እንደ እንጦጦ ሁለት ቤተ ክርስቲያንና አንድ አሮጌ እልፍኝ ይቀሩበት ነበር።

ስለዚህ ዘገምተኛ ከፍል ውሃ ጀምሩ ያለው ልክ ነው። እንዲያውም እኔ ብሆን ከዚያም ራቅ ብዬ ከአንዱ ሰፈር እነሳለሁ።


የጎንደር ልጅ፦

ባሻ፣ ይህን ነው መስማት የፈለግኩት። ምሽግነቱን ተቀብያለሁ። የእንጨት በረንዳው ላይ ያለኝ አቋም ግን አልተለወጠም 😀


ቧንቧ ሠሪው፦

እኔ የውሃ ባለሙያ ነኝ፣ ስለ ግቢው ሲወራ ሁሌ አንድ ነገር ይቀራል። ውሃው። አልፍሬድ ኢልግ የሚባለው ስዊስ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. አካባቢ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የቀረ ሰው ነው። ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ከእንጦጦ በኩል ወደ ግቢው የቧንቧ ውሃ ማምጣት ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው ነገሩ።

የዘመኑ ሰው የገረመው ውሃው ሽቅብ መውጣቱ ነው። ቧንቧው ከእንጦጦ ይወርዳል፣ ሸለቆ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የግቢውን ጉብታ ይወጣል። ሞተር የለ፣ ምን የለ። ጥበቡ ቀላል ነው። ቧንቧው ዝግ ከሆነና መነሻው ከመድረሻው ከፍ ካለ፣ መካከል ላይ ያለው ሸለቆ ምንም አያደርግም። ከላይ ያለው ውሃ የታቹን እየገፋ ያወጣዋል። እንጦጦ ከግቢው በጣም ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ግፊቱ ይበቃል። መገጣጠሚያው እንዳያፈስ ማድረግ ነው ከባዱ። ያን ቧንቧ በዚያ ዘመን ከጅቡቲ ጠረፍ ድረስ በእንስሳ ጀርባ ማጓጓዙን አስቡት። ባቡሩ ገና አልመጣም።

ግቢ ስትሄዱ ወደ እንጦጦ ዞር በሉና ከፍታውን በዓይናችሁ ለኩት። ጉልበቱ ከዚያ ነው የመጣው።


ሚሚ ካዛንቺስ፦

ውሃ ስንቁ ሰፈር ያሉት ሰዎች ሥራ ፈቱ ማለት ነዋ 😅


ቧንቧ ሠሪው፦

ግቢው ብቻ ነው ያገኘው እህቴ፣ ከተማው ገና ከምንጭና ከወንዝ ነበር የሚቀዳው። አትዘኚላቸው።


ኤፍሬም 22፦

ይህ ጃንሆይ በቮልስዋገን የተወሰዱበት ቤተ መንግሥት ነው አይደል? መኪናው የቆመበት ቦታ ይታያል?


ዘገምተኛ፦

አይደለም ኤፍሬም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱት ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነው፣ ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ያለው፣ አሁን ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የምንለው። በ1948 ዓ.ም. ለ25ኛ ዓመት በዓላቸው የተሠራ ነው፤ እሱም በቅርቡ ለጎብኚ ተከፍቷል። ስድስት ኪሎ ያለው ደግሞ ገነተ ልዑል ነው፣ በ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ደም የፈሰሰበት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ። እኛ የምናወራው የምኒልኩን ነው፣ ታላቁን። ግን ጃንሆይ በመጨረሻ የታሰሩትና ነሐሴ 1967 የሞቱት በምኒልኩ ግቢ ውስጥ ነው። አስከሬናቸው የተገኘውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከሲሚንቶ ሥር፣ በ1984 ዓ.ም.። እስከ ጥቅምት 1993 ድረስም በክብር አልተቀበሩም። ለዘመናት ከዚህ ኮረብታ አዝዘው በመጨረሻ እዚያው እስረኛ ሆኑ።


ብሌን ዘ አራት ኪሎ፦

ምድር ቤቱን የሚያውቅ ይጻፍ ተብሏል። እኔ በወሬ ነው የማውቀው፣ ከቤታችን ወሬ። የአያቴ ወንድም ግቢ ውስጥ ታስረው ከነበሩት አንዱ ናቸው። ከተፈቱት ወገን ስለሆኑ ለመናገር በቁ። ግን አልተናገሩም። በዓል ሲሆን ብቻ፣ ሁለተኛው ጠጅ ላይ፣ «እዚያ ታች እያለን» ይሉና ያቆማሉ። አያቴ ቶሎ ብላ ወሬ ትቀይር ነበር።

ፓርኩ ሲከፈት፣ መስከረም 2012 መጨረሻ ላይ፣ ወስደን እናሳያቸው ብንል እንቢ አሉ። «አውቀዋለሁ» አሉ በቃ።

እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ደረጃውን ስትወርዱ መጀመሪያ የምትሰሙት የራሳችሁን እግር ነው። ከላይ የሰው ሳቅ ይሰማል፣ ልጆች ይሮጣሉ። ክፍሎቹ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ። እዚያ ውስጥ ማን እንደነበረ አስቡ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን። ራስ አሥራተ ካሣ። ጄኔራሎች፣ አገረ ገዥዎች። አብዛኞቹ እዚያው ግቢ አዳራሹ ውስጥ የተጋበዙ፣ በዙፋኑ ፊት እጅ የነሱ ሰዎች ናቸው። ፎቁን ያውቁታል። ምድር ቤቱን ግን ያዩት ያኔ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ወደ ከርቸሌ ተወሰዱ፣ ስድሳ ሰው አለቀ። የተገደሉበት ቦታ ላይ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል።

ለእኔ የሚከብደኝ ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ አይስክሬም የሚበላ ሕዝብ መካከል መግባቴ ነው። መካከሉ ላይ ትንሽ ጸጥታ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የሆነ ነገር ያስፈልገዋል።


ታዲዮስ ኤም፦

ብሌን፣ አክብሬሽ ነው የምናገረው። ግን እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው። ያ ግቢ ለመቶ ዓመት ሰው ሲፈራው የኖረ ቦታ ነው። በልጅነታችን በአጥሩ በኩል ስናልፍ ጣት መቀሰር አይፈቀድም ነበር። ቆሞ ማየት ራሱ ወንጀል ይመስል ነበር። አሁን ልጅ አይስክሬም እየበላ የሚሮጥበት ከሆነ እሰየው ነው። ሐዘኑን ለማሰብ የሚፈልግ ያስብ፣ ግን ግቢው በሙሉ ለቅሶ ቤት ይሁን ከተባለ ያው ፍርሃቱ በሌላ መንገድ ተመለሰ ማለት ነው።


ብሌን ዘ አራት ኪሎ፦

ለቅሶ ቤት ይሁን ማን አለ ታዲዮስ? አንድ ወንበር ነው የጠየቅኩት። አንድ።


ባሻ ጥላዬ፦

ልጆች ተው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ አልሸነግላችሁም፣ እኔ ከብሌን ጋር ነኝ። ታዲዮስ የሚለው ፍርሃት ግን እውነት ነው፣ እኔም ደርሶብኛል። በአጥሩ ሥር ስናልፍ አባቴ እጄን ጠበቅ አድርጎ ይይዝ ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ጠዋት ደግሞ ከዚያ ኮረብታ የሚመጣውን የታንክ ድምፅ ከቤታችን ወለል ላይ ተኝተን ነው የሰማነው። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። ያን ቀን የሰማ ሰው ዛሬ እዚያ ገብቶ አበባ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለማስረዳት ይቸግራል። ደስ ይለዋል፣ ግን አንድ ዓይኑ በሩ ላይ ነው።


የበዓታ ጎረቤት፦

ዘገምተኛ በዓታን ስላነሳህ ተባረክ። እኔ ደጃፉ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ልንገራችሁ።

ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው። ግን አልተለቀሰላቸውም። አገር እንዳይታወክ ሞታቸው ተደበቀ። አስከሬኑ በግቢው ውስጥ ባለው ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በድብቅ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ሺህ ሰው የሚያበሉ ንጉሥ ያለ ተዝካር ቀሩ። ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ስትነግሥ ነው ይህን በዓታን አሠርታ አባቷን በክብር ያሳረፈቻቸው።

ከውጭ ጉልላቱ ላይ ዘውድ አለ፣ ከሩቅ ይታያል። ውስጥ ስትገቡ ግን ዓይናችሁ ወደ ላይ እንዳይቀር። ወለሉ ላይ መዝጊያ አለ። ምንጣፉ ተገልጦ መዝጊያው ይነሳና በጠባብ ደረጃ ወደ ታች ይወረዳል። እዚያ ነው ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ያሉት። አቡነ ማቴዎስም እዚያው ናቸው። ልዕልት ፀሐይም አለች፣ የጃንሆይ ልጅ፣ ለንደን ነርስነት የተማረችው። ቀዝቃዛ ነው፣ ሰም ሰም ይሸታል። መሪጌታው ሲያስረዱ ቶሎ ቶሎ ነው፣ ቀስ እንዲሉላችሁ በትሕትና ለምኗቸው።

ምሽግ የት አለ ላለው የጎንደር ልጅ ደግሞ ይህን ልስጠው። በ1920 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ፣ ራስ ተፈሪ ንጉሥ ከመባላቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የግቢው ዘበኛ አለቃ አባ ውቃው ብሩ በተፈሪ ላይ ሸፈተ። ሸፍቶ የት ሄደ? ተራራ አልወጣም። እዚህ የምኒልክ መቃብር ውስጥ ነው የመሸገው። የጌታውን አስከሬን ጋሻ አድርጎ። መድፍና ታንክ ተደግኖበት በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ተፈሪ መስከረም 27 ቀን 1921 የንጉሥነት ዘውድ ጫኑ። ስለዚህ ወዳጄ፣ ቅጥሩ ባይረዝምም የሚመሽግበት አልጠፋም።


የጎንደር ልጅ፦

እጅ ሰጥቻለሁ፣ እንደ አባ ውቃው።


ኤፍሬም 22፦

ይህ መድረክ ካልጠፋ ከመጽሐፍ ይሻላል። አንድ ተግባራዊ ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ይህን ሁሉ ዳገት ትችላለች?


ዘገምተኛ፦

ከፍል ውሃ የሚወጣውን ዳገት ለእሷ እርሳው፣ በታክሲ በሩ ድረስ ውሰዳት። ውስጡ መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ ግን ኮረብታ ኮረብታ ነው፣ ወጣ ገባ አለው። ጠዋት ግቡ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። በየጥላው እያሳረፍካት። ምድር ቤቱና የበዓታ ደረጃ አይመቻትም፣ አትገፋፋት። አዳራሹ ውስጥ ግን ረጅም ጊዜ ስጣት። እኔ ጋ አብረውኝ የገቡ አንድ አዛውንት ደፉ ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ማንም ሳያዛቸው። ትልልቅ ሰዎች እዚያ የሚሰማቸው ነገር አለ።

መታወቂያ አትርሱ፣ ሁላችሁም። ፍተሻው ረዘም ይላል፣ ቦርሳ አታብዙ። የመግቢያ ዋጋው ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ሚሚ፣ ላንቺ ደግሞ፦ አንበሳውን አስቀድሚው። ልጆቹ ከረኩ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አስገቢያቸውና «ስንት ሰው እዚህ ይበላ ነበር?» ብለሽ ገምቱ በያቸው። እንቁላሉን በተመለከተ መልስ የለኝም።


ሚሚ ካዛንቺስ፦

ይሁን፣ ይህኛውን እሞክረዋለሁ። ግን አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። ጋጋሪዎቹን ካነሳህ በኋላ ማንም አልተመለሰባቸውም። እቴጌ ጣይቱ ራሷ የወጥ ቤቱን ሥራ ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ነበረች፣ የእንጦጦ ማርያም ድግሷ እስካሁን ይወራል። የዚያ ሁሉ ግብር አዛዥ እሷ ናት። በ1902 ከሥልጣን ስትገፋ እንኳ እልፍኙ ውስጥ የታመመ ባሏን እንድታስታምም ነው የተባለችው። ምኒልክ ሲሞቱ ደግሞ ወደ እንጦጦ ሸኟት፣ እዚያው ሞተች። ወደ ፍል ውሃ ያወረደቻቸው እሷ፣ መልሳ ሽቅብ የተላከችው እሷ። ስለ ግቢ ስታወሩ ስሟን በጎዳና ብቻ አትለፉት።


የበዓታ ጎረቤት፦

አንደበትሽ ይባረክ እህቴ። እኔም ዘልዬዋለሁ።


ታዲዮስ ኤም፦

በዚህ ሁሉ ወሬ አንድ ቀን ተሰባስበን ብንሄድስ? ብሌን፣ አንቺም ነይ። ወንበር ካላገኘን እኔ ከቤት ተጣጣፊ ወንበር ይዤ እመጣለሁ፣ ፍተሻው ካሳለፈኝ።


ብሌን ዘ አራት ኪሎ፦

እመጣለሁ። ግን ከምድር ቤቱ ስንወጣ ለአሥር ደቂቃ አታናግሩኝ።


ዘገምተኛ፦

እንግዲያው ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ፍል ውሃ በር ላይ። ዘግይቶ የሚመጣ ዳገቱ ላይ ያገኘናል፣ ስለማንሮጥ። ከበዓታ በኋላ አራት ኪሎ ወርደን ምሳ። ባሻ፣ እርስዎ ከየትኛው ሰፈር እንደሚነሱ ይንገሩንና መንገድ ላይ እንቀበልዎት።


ባሻ ጥላዬ፦

ከቀበና ነው የምነሳው። ግንፍሌን ተሻግሬ በራሴ እመጣለሁ፣ አትልፉ። ምሳው ላይ ጠጅ ካለ ግን በተራ ይሁን፣ መጀመሪያ መኳንንቱ።


የጎንደር ልጅ፦

መኳንንቱ እነማን እንደሆኑ መጀመሪያ እንነጋገር 😀